«ቀለም ነው ወይስ ፌስታል?» ተረጭቶ ስለሚላጠው የመኪና ልባስ

ባለፈው ሰሞን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ የነበረው ወጣት የቪትዙን ቸርኬ ጠርዝ በጥፍሩ ቆንጠጥ አድርጎ ሳብ አደረገው። ጥቁሩ ቀለም እንደ ጓንት እየተገፈፈ መጣ። ከስሩ ብርማው ቸርኬ ጭረት ሳይነካው ብቅ አለ። አጠገቤ የቆሙ አዛውንት ጠጋ ብለው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ቀለም ነው ወይስ ፌስታል?» አሉት። «ጎማ ነው አባባ፤ የሚረጭ ጎማ» አላቸው። አልተዋጠላቸውም። ተራቸው እስኪደርስ ድረስ የተላጠችውን ቁራጭ እየለጠጡ ያዩዋት ነበር።

የጠየቁት ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። እኛ «ቀለም» እንበለው እንጂ ሥራው ከቀለም ይለያል። ቀለም የሚሠራው ከመኪናው ጋር አንድ ሆኖ እንዲቀር ነው። ይሄኛው የተሠራው አንድ ቀን እንዲለይ ነው። ጎማ ስልም የሚሽከረከረውን ማለቴ አይደለም። የሚለጠጠውን ነገር ነው።

ጉዳዩን ማብራራት የፈለግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ እጁ ላይ ያለችውን መኪና አድሶ መያዝ የሚፈልግ ሰው በዙሪያዬ በዝቷል። ሙሉ ቀለም ማስቀባት ኪስ ይጎዳል። መኪናዋም ጋራዥ ውስጥ ብዙ ቀን ትቆማለች። በዚህ መሀል «ተረጭቶ፣ ሲሰለች የሚላጥ» የሚባል ነገር ሲመጣ ልብ ይማርካል። እኔም ተማርኬ ነበር። ሳላውቅ የገባሁበት ነገር ስላለ ነው አሁን የምጽፈው።

መነሻው የመኪና ነገር አልነበረም። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት ውስጥ ያለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 «ፕላስቲ ዲፕ» ብሎ ለገበያ ያወጣው ፈሳሽ ጎማ ነው ስሙን ያስጠራው። ያኔ ሥራው የፒንሳና የመፍቻ እጀታ ማልበስ ነበር። እጀታውን ፈሳሹ ውስጥ ነክሮ ማውጣት፣ ማድረቅ፣ በቃ። እጅ አያንሸራትትም፣ አይቀዘቅዝም። በኋላ በጣሳ የሚረጭ ሆነ። ከዚያ አንዱ ቸርኬ ላይ፣ ሌላው ኮፋኖ ላይ ሞከረው። እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሙሉ መኪና የሚያለብሱ ሰዎች ቪዲዮ በየስልኩ ተዳረሰ። ዛሬ ሌሎች አምራቾችም ተመሳሳዩን ይሠራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ይሄ ነገር እንዴት ይደርቃል? ይቺን የተረዳ ሰው የቀረውን ሁሉ በራሱ ይደርስበታል።

ጭቃና ጀበናን አስቡ። ጭቃ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ውሃው ይተንና ይጠነክራል። መልሳችሁ ውሃ ብታፈሱበት ግን ጭቃ ይሆናል። ጀበና እሳት ውስጥ ገብታ ከወጣች በኋላ ግን መቶ ጊዜ ብታፈሉባት ተመልሳ ጭቃ አትሆንም። እሳቱ ውስጧን ቀይሮታል። የፋብሪካ የመኪና ቀለም እንደ ጀበናዋ ነው። 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ ምድጃ ተጋግሮ ነው የሚወጣው። ጋራዥ ውስጥ ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚረጨው ቀለምም፣ ምድጃ ባይገባም፣ በኬሚካል ተሳስሮ እንደዚያው ይሆናል።

የሚላጠው ጎማ ግን ጭቃው ነው። ጣሳው ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ ጎማ፣ እንደ ቶሉይንና ዛይሊን ባሉ ኃይለኛ ፈሳሾች ሟሙቶ የተቀመጠ ነው። ሲረጭ ፈሳሹ ይተናል፣ ጎማው ይቀራል። ሌላ ምንም አልተፈጠረም። ጎማው ተጋግሮ አልተሳሰረም። የሚያሟሟው ነገር እንደገና ካገኘው እንደገና ይሟሟል።

ከዚህ አንድ ጥሩና አንድ መጥፎ ነገር ይወለዳል። መጥፎው፣ ቤንዚን ጠላቱ መሆኑ ነው። ማደያ ላይ ቀጂው የመቅጃውን አፍ ሲያወጣ የምትንጠባጠበው ነገር ልባሱን ታለሰልሰዋለች፣ ታበልዘዋለች። ጥሩው ደግሞ ጥገናው ቀላል መሆኑ ነው። ጭረት ያገኘው ቦታ ላይ አዲስ ሲረጭበት፣ በአዲሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ የድሮውን ላይኛ ገጽ ያሟሟና ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። በሥራ መሀል መብራት ጠፍቶ ኮምፕሬሰሩ ቢቆም እንኳ ሥራው አይበላሽም። መብራት ሲመጣ ይቀጥላል። መደበኛ ቀለም ቢሆን ቀቢው ራሱን ይይዝ ነበር።

ቀጥሎ ውፍረት። ለምን አንዱ መኪና ላይ እንደ ጓንት ይገፈፋል፣ ሌላው ላይ ደግሞ እንደ ቆሻሻ በጥፍር ይፋቃል? መልሱ ምጣድ ላይ አለ። ሊጡ ሲሳሳ እንጀራው ምጣዱን ይዞ ይቀራል። ብታነሱት ይበጣጠሳል። በልክ የፈሰሰ እንጀራ ግን ዙሪያው ተነስቶ፣ ሰፌድ ገብቶ ሙሉውን ይወጣል። ጎማውም ላይ ሁለት ጉልበቶች ይታገላሉ። አንዱ ልባሱ ከመኪናው ጋር የተያያዘበት ነው። ሌላው ልባሱ ከራሱ ጋር የተያያዘበት ነው። ሁለተኛው ሲበልጥ ሙሉ ይላጣል። አንደኛው ሲበልጥ ይበጣጠሳል። ሁለተኛውን የሚያበረታው ውፍረት ነው።

ስለዚህ «አንድ ሁለት እጅ ይበቃል» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ለዓይን ሊበቃ ይችላል። ለመላጥ አይበቃም። ለአካል ቢያንስ አራት፣ አምስት፣ ከዚያም በላይ እጅ ያስፈልጋል። መካከለኛ መኪና ሙሉውን ለማልበስ 15 ሊትር ገደማ ይሄዳል። ጥቁር መኪና ወደ ነጭ ሲቀየር ደግሞ ይጨምራል። በውፍረት የቆጠበ ሰው ሲያስረጭ ያተረፈውን ሲያስልጥ ይከፍላል። በጣም የሚሳሳውም ጠርዝ ላይ ነው፤ የበር ዳር፣ የመብራት ዙሪያ፣ የእጀታ ስር። እዚያ ነው እጅ መጨመር ያለበት። ችኮላ የሚበዛውም እዚያው ነው።

ለመሆኑ ልባሱ ከምን ላይ ነው የሚላጠው? የአዲስ አበባ ሰው ከሁሉ በላይ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ይሄ ይመስለኛል። በቪዲዮ የምናያቸው መኪኖች አብዛኞቹ የፋብሪካ ቀለማቸውን እንደያዙ ናቸው። የእኛዎቹ ግን ስንት ጊዜ ላሜራ ገብተው፣ ስንት ጊዜ ስቱኮ ተለስነው፣ ስንት ጊዜ ተቀብተው እጃችን ይደርሳሉ። ገዢው ይሄን ላያውቅ ይችላል።

እኔ አላውቅም ነበር። የድሮዋ ኮሮላዬን ኮፋኖ ወዝ የሌለው ጥቁር አስረጨሁት። አማረ። ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቼ ልላጠው ስጀምር መጀመሪያ ጥሩ መጣ። መሀል ላይ ስደርስ ግን ድምፁ ተቀየረ። አየሁት፤ ጎማው ከጀርባው ነጭ ቀለም ይዞ ነው የሚመጣው። ከስሩ ግራጫ ስቱኮ ቁልጭ ብሎ ታየ። መኪናዋን ከመግዛቴ በፊት የሆነ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ ዝገቱን ሳያጸዳ ለስኖ ቀብቷት ነበር። በጣም ተናደድኩ፤ የተናደድኩትም መጀመሪያ ጎማው ላይ ነበር። ጥፋቱ ግን የእሱ አልነበረም። የታችኛው ቀለም ከስቱኮው ጋር የተያያዘበት ጉልበት፣ ከጎማው ጋር ከተያያዘበት ያነሰ ነበር። የሚለየው ሁልጊዜ በጣም ደካማው ቦታ ላይ ነው። «ቀለሙን አይነካም» የሚባለው ቃል እውነት የሚሆነው ከስር ያለው ቀለም ጤነኛ ሲሆን ብቻ ነው።

ሌላም አደጋ አለ። አንዳንድ ርካሽ ቀለሞች፣ በተለይ ኒትሮ የሚባለው ዓይነት፣ እነሱም እንደ ጭቃው በመትነን ብቻ የሚደርቁ ናቸው። ማጠንከሪያ የላቸውም። የጎማው ፈሳሽ ሲነካቸው መልሰው ይሟሟሉ። ይሸበሸባሉ ወይም ከጎማው ጋር ይዋሃዳሉ። ያኔ መላጥ የሚባል ነገር የለም። ማጠንከሪያ ያለው ቀለምም ቢሆን አዲስ ከሆነ ቢያንስ አንድ ወር ይቆይ። ውስጡ ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር ኃይለኛ ፈሳሽ አይወድም።

ታዲያ ከስር ያለውን እንዴት ማወቅ ይቻላል? ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አነስ ያለች ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ አካሉ ላይ አስጠጉ። ባዶ ቆርቆሮ ላይ ጥብቅ ትላለች። ወፍራም ስቱኮ ያለበት ቦታ ላይ ትላላለች ወይም ትወድቃለች። ፓራውርቲ ላይ አትሞክሩት፤ ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛው ሙከራ፣ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ኮፋኖው ሲከፈት ውስጠኛው ጠርዝ ላይ፣ ቲነር የነካ ነጭ ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ማሸት ነው። የመኪናው ቀለም ጨርቁ ላይ ከመጣ፣ በመትነን ብቻ የደረቀ ቀለም ነው ማለት ነው። ያን መኪና አታስረጩ። ሦስተኛው ዓይን ነው። የተነፋ፣ የተሰነጠቀ፣ ዝገት የገፋው ቦታ ካለ ጎማው አያድነውም። ይሸፍነዋል እንጂ። ከስር ዝገቱ ሥራውን ይቀጥላል።

ከስር ያለው ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ዝግጅቱ ከመደበኛ ቀለም ይቀላል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ የለም። እንዲያውም መፈግፈግ የለበትም። ቅባት፣ ፖሊሽና ሰም ተጠርጎ ይለቃል፣ በሳሙና ይታጠባል፣ እያንዳንዱ ስንጥቅ ውስጥ ያለው ውሃ ይደርቃል። መስታወቱ፣ መብራቱ፣ የሚሽከረከረው ጎማ በወረቀት ፕላስተርና በጋዜጣ ይሸፈናል። የመጀመሪያው እጅ ስስ ነው፤ የድሮው ቀለም በግማሽ እያሳየ። እሱ ለቀጣዩ መያዣ ነው። ከዚያ በየእጁ መሀል ከ10 እስከ 20 ደቂቃ እየቆዩ፣ እርጥብ እርጥብ አድርጎ መደርደር ነው። ፕላስተሩ የሚነሳው የመጨረሻው እጅ ሳይደርቅ ነው። ከደረቀ በኋላ ብታነሱት ልባሱን ይዞ ይመጣል፤ ጠርዙም የተቀዳደደ ይሆናል። ተረጭቶ ሲያልቅ ቢያንስ ለአራት ሰዓት ውሃ አይንካው፤ ጤዛም ቢሆን። ማሳጠቡን ደግሞ ለቀናት አቆዩት።

አሁን ጣሳው ላይ የማይጻፈውን እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ግፊት ሲቀንስ ፈሳሽ ቶሎ ይተናል። እኩለ ቀን ላይ፣ ነፋስ ባለበት ግቢ ብትረጩ፣ ጠብታው ከመርጫው ወጥቶ ቆርቆሮው ላይ ሳይደርስ ግማሹ ይደርቃል። ገጹ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ብዙ ሰው «ዕቃው ፎርጅድ ነው» የሚለው ይሄን አይቶ ነው። አንዳንዴ ዕቃው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ብርዱ ለቋል፣ ቆርቆሮውም ገና አልጋለም። መርጫውንም ጠጋ ማድረግ ይረዳል። ክረምቱን፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን፣ ተዉት። እርጥበት ከስር ሲቀር ልባሱ ይነፋል። በጋ ላይ ደግሞ በየመንገዱ የሚነሳው የግንባታ አቧራ አለ። የተዘጋ፣ ግን አየር የሚወጣበት ቤት ማግኘት ዋናው ነገር ነው።

ፀሐዩም ሌላ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ፣ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ ሲደመር ሩብ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ጎማን የሚያደርቀውና የሚሰነጥቀው ያው ጨረር ነው። አምራቾቹ ሦስት ዓመት ገደማ ይቆያል የሚሉትን፣ ሁልጊዜ ውጭ ለሚያድር መኪና ከዚያ ባነሰ አስቡት። ይሄ የኔ ግምት ነው፤ ግን አምንበታለሁ። ሁለት ዓመት ሲሞላው ወይ ላጡት፣ ወይ ላዩ ላይ እጅ ጨምሩበት። ያረጀ ጎማ መለጠጡን ይተዋል። መለጠጡን ሲተው መላጡንም ይተዋል።

ስለ ጤና አሁን የምለውን እባካችሁ በደንብ አንብቡት። ቶሉይንና ዛይሊን ራስ ያዞራሉ፣ ያስታውካሉ፣ ሲደጋገም ነርቭን ይጎዳሉ። የጨርቅ ማስክ ወይም በኮሮና ጊዜ የለመድነው ማስክ ጠብታውን እንጂ ትነቱን አይዝም። የሚያስፈልገው ከሰል ያለበት ማጣሪያ የተገጠመለት ማስክ ነው። የሚረጩትን ልጆች ያለ ማስክ ካያችኋቸው ዝም አትበሉ፤ ገንዘቡን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ሌላው እሳት ነው። ትነቱ ከአየር ይከብዳል። መሬት ለመሬት ሄዶ ጥግ ላይ ይጠራቀማል። ጋራዥ ውስጥ ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና የሚፈላበት ቦታ ደግሞ መሬት ላይ ነው። የሚረጭበት ቀን ቡናው ከግቢው ውጭ ይፈላ። ሲጋራም፣ ብየዳም እንደዚሁ።

ከተረጨ በኋላ ያለው ኑሮ ቀላል ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ተጠንቀቁ። ማደያ ላይ ጨርቅ ያዙና የተንጠባጠበውን ወዲያው ጥረጉ። ላቫጆ ላይ ደግሞ ልጁን ቀድማችሁ ንገሩት፤ ናፍጣ የነካ ጨርቅ አያስጠጋ፣ የውሃውን ግፊት ጠርዝ ላይ አያነጣጥር፣ ፖሊሽ አይቀባ። ቸርኬ ያስረጨ ሰው ጎማ ሲያስቀይር የጎሚስታው ብረት ጠርዙን እንደሚልጠው ይወቅ። በጣሳ መጨመር ነው መፍትሔው።

ስቲከር ማልበስ ይሻላል ወይ የሚለኝ ሰው አለ። ስቲከር ጠንካራ ነው፣ ቤንዚንንም ከሚረጨው ጎማ የተሻለ ይችላል፣ ግን ጥሩ እጅ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ገና እየሞከረ ላለ ሰው ቸርኬ ላይ በሚረጨው ጎማ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ለአራት ቸርኬ አራት ጣሳ ገደማ ይበቃል። ካልወደዳችሁት በአንድ ቅዳሜ ይላጣል።

ሙሉ መኪና ከሆነ ግን ሊብሬውን አውጡና እዩ። «ቀለም» የሚል መስመር አለው። ሊብሬው ነጭ እያለ መኪናዋ ሰማያዊ ሆና ትራፊክ ቢያስቆማችሁ፣ ወይ ለቦሎ ምርመራ ብትቀርቡ፣ «ይላጣል እኮ» ማለት መልስ አይሆንም። ቀለም በእኛ አገር መለያ ነው። ሚኒባስ ታክሲውን በሰማያዊና ነጭ አይደል የምንለየው? ከማስረጨታችሁ በፊት ፋይላችሁ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከተረጨ በኋላ መጠየቅ ልብ ያቆስላል። መኪና የምትገዙ ሰዎችም፣ የበሩን ውስጠኛ ፍሬም እዩ። ሲረጭ ብዙ ጊዜ እሱ ይዘለላል። የውጩና የውስጡ ቀለም ካልተስማማ፣ ጠርዙን በጥፍር ፈትሹና ከስር ያለውን ሳታዩ ቀብድ አትስጡ።

የመላጫው ቀን ሲመጣ መኪናዋን ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ አቁሟት። የሞቀ ጎማ ይለጠጣል፤ የቀዘቀዘ ይበጠሳል። ከጠርዝ ጀምራችሁ በሁለት እጅ፣ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ እያጠፋችሁ፣ በዝግታ ሳቡ። መሀል ላይ መበጣጠስ ከጀመረ አትታገሉት። ጭቃው ላይ ጭቃ ጨምሩበት። በዚያ ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ወፍራም እጅ ይረጭበትና ይደር። የድሮውም ከአዲሱ ጋር ይዋሃድና በማግስቱ አብሮ ይነሳል። በየስንጥቁ የቀረችውን ቅሪት ትንሽ አኳራጅ በነካ ጨርቅ አሹአት፣ ከዚያ ወዲያው በሳሙና እጠቡ። የተላጠው ተጠቅልሎ አንድ ማዳበሪያ ይሞላል። ከቆሻሻ ጋር እንዳታቃጥሉት፤ ጭሱ ለጎረቤት ልጆች ነው የሚደርሰው። አስራችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ስጡት።